ሴንሰሩን ከመቀየራችን በፊት ቁጥሩን እናንብበው

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በጋራዣችን ግቢ ለተሰበሰቡ የመኪና ባለቤቶችና ወጣት መካኒኮች ያቀረብኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንደተናገርኩት አድርጌ አስፍሬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ፀሐይ ላይ ያላችሁ ወንበራችሁን ወደ ጥላው ሳብ አድርጉት፣ ቶሎ አንጨርስም።

እጄ ላይ ያሉትን ሦስት ዕቃዎች እዩዋቸው። ኦክስጅን ሴንሰር ናቸው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ሆነው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለኩት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱም ከአንዲት መኪና ተፈትተው የወጡ ናቸው። ሦስቱንም ፈትኜአቸዋለሁ። ሦስቱም ደህና ናቸው።

መኪናዋ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ 1.6 ሞተር። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወደኔ የመጡ ዕለት ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «ልጄ፣ እስቲ አንተ ደግሞ እያት፤ ቤንዚኑን እንዲያው ትጨልጠዋለች» አሉኝ። ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ኮድ አስነበቡ፤ ፒ0171 ወጣ። ይህ ኮድ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፣ እኛ ሊን የምንለው። ያነበበላቸው ሰው «ይህን የሚናገረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፣ እሱ ተበላሽቷል» ብሎ ቀየረላቸው። መብራቱ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ሌላ ጋራዥ ሄዱ፤ «የተገጠመልዎት ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናል ይግዙ» ተባሉ። ገዙ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና በራ። ሌላ ሰው ደግሞ ሌላ አስገዛቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ላይ የነበረው አራተኛው ሴንሰር ነው።

ገንዘቡ ያሳዝናል። እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ቁጥሩን አለማንበቡ ነው። ሁሉም ያነበቡት ኮዱን ነው። ኮዱ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ ምን ላይ ተስፋ እንደቆረጠ ብቻ ነው። እዚያ እንዴት እንደደረሰ የሚነግራችሁ ቁጥሩ ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህን ፊውል ትሪም የሚባል ቁጥር ለማስነበብ ነው፣ ሌላ ነገር የለኝም።

ነገሩ ለምን አሁን አስፈለገ ለምትሉ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሁን ያሉን አሮጌ ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች ገና ብዙ ዓመት ከኛ ጋር ናቸው። በግምት ዕቃ እየቀያየርን አንዘልቀውም።

በሉ ከሥሩ እንያዘው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። የሞተሩ ኮምፒውተር ሥራው ይህን ሚዛን መጠበቅ ነው። የሚገባውን አየር በሴንሰር ይለካል፣ ያሰላል፣ ኢንጀክተሩን ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይከፍታል። ግን ስሌት ስሌት ነው። ኢንጀክተር ያረጃል፣ ፊልትሮ ይደፈናል፣ ጎማ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ወጥ እንደሚሠራ ሰው ነው የሚያደርገው። ጨዉን በልምድ ይነሰንሳል፣ ከዚያ ይቀምሳል፣ አንሶ ከሆነ ይጨምራል፣ በዝቶ ከሆነ በሚቀጥለው ይቀንሳል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ምላሱ ነው። ፊውል ትሪም የምንለው ደግሞ ከቀመሰ በኋላ የጨመረው ወይም የቀነሰው ጨው ነው።

ወጡ ጨው አንሶታል ስላለ ምላስ አይቆረጥም። በመምህሩ ኮሮላ ላይ የተደረገው ግን ይኸው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

የቀድሞው ዓይነት ኦክስጅን ሴንሰር ውስጡ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ነው። በአንድ በኩል የጭስ ማውጫው ጋዝ ያገኘዋል፣ በሌላ በኩል የውጭ አየር። በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከሌለ፣ ማለትም ቤንዚን ከበዛ፣ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል። ኦክስጅን ከተረፈ ወደ 0.1 ይወርዳል። መሐሉ 0.45 ነው። እንዲሠራ ከ300 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ለዚህ ነው ባለ ሦስትና ባለ አራት ሽቦዎቹ ውስጣቸው ማሞቂያ ያላቸው፤ ባለ አንድ ሽቦው የድሮው ዓይነት በጭሱ ብቻ ነው የሚሞቀው። ሴንሰሩን በመኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋለው የቦሽ ኩባንያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ላይ። እጄ ላይ ያሉት የሚሠሩት በዚያው መርህ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ሴንሰር «ትንሽ በዝቷል» ወይም «በጣም በዝቷል» አይልም። በዝቷል፣ አንሷል፣ በቃ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንሷል ሲለው ይጨምራል፣ በዝቷል እስኪለው። በዝቷል ሲለው ይቀንሳል፣ አንሷል እስኪለው። ቮልቱ ላይ ታች ላይ ታች ሲል ውሎ ያድራል። ብዙ ሰው ይህን መዋዠቅ አይቶ «ሴንሰሩ ዝም ብሎ ይዘላል፣ ተበላሽቷል» ይላል። ተቃራኒው ነው፤ የሚዘል ሴንሰር የሚሠራ ሴንሰር ነው። ሞተሩ ሞቆ በ2500 ዙር ይዛችሁት በ10 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው ሲሰንፍ ነው፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ሲተኛ። ተኝቶም ቢሆን ደግሞ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ትሪሙ እንሂድ። ኮድ በሚያነበው ስካነራችሁ፣ ወይም ከሱ ጋር በተገናኘው ስልካችሁ ላይ፣ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ በፐርሰንት። ሾርት ተርም አሁን በዚህች ሰከንድ የሚደረገው እርማት ነው። ሎንግ ተርም የከረመው ነው፤ ሾርት ተርሙ በአንድ በኩል ሲቆይ ኮምፒውተሩ «ይኼስ ጊዜያዊ አይደለም» ብሎ የያዘው። ዜሮ ማለት ስሌቱ ትክክል ነው ማለት ነው። ፕላስ 10 ማለት ከስሌቱ በላይ 10 በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ነው። ማይነስ 10 እየቀነሰ ነው። ሁለቱን ደምሩ። ድምሩ ከ5 በታች ከሆነ፣ ፕላስም ይሁን ማይነስ፣ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እስከ 10 ድረስ ለአሮጌ መኪና እኔ አልጨነቅም። ከዚያ ካለፈ ምክንያት አለው፣ መብራቱ ባይበራም። መብራቱ የሚበራው ኮምፒውተሩ መጨመር የሚችለውን ያህል ጨምሮ ሲያበቃ ነው፤ እስከዚያ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

አንድ ቁጥር ብቻ ማንበብ ግን የትም አያደርስም። ሦስት ጊዜ ነው የሚነበበው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ነዳጁ ሳይረገጥ። ቀጥሎ እዚያው ቆማችሁ በ2500 ዙር ለአንድ ደቂቃ ያህል። ሦስተኛው በጉዞ ላይ፣ ዳገት፣ ሞተሩ ጭነት ሲሰማው። አዲስ አበባ ለዚህ የታደለች ናት፤ የእንጦጦን ዳገት የመሰለ መፈተኛ የት ይገኛል? ብቻ የሚያነበው ሰው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥ። እየነዳችሁ ስልክ አትዩ።

የመምህሩ ኮሮላ በሚኒሞ ሎንግ ተርሙ ፕላስ 22 ነበር። ሾርት ተርሙ ፕላስ 6። ድምሩ 28። ይህ ብዙ ነው። ዙሩን ወደ 2500 ሳወጣው ሎንግ ተርሙ 4፣ ሾርት ተርሙ 1 ሆነ። እሳቸው ከጎኔ ቆመው ስልኬን ያዩ ነበር። «ምነው ወረደ?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ሴንሰር ቢበላሽ ኖሮ በሚኒሞ ዋሽቶ በ2500 እውነት የሚናገርበት ምን ምክንያት አለው?

የወረደው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በሚኒሞ በሰከንድ ወደ 2 ግራም አየር ይስባል። በ2500 ዙር ከ8 እስከ 10 ግራም ይሆናል። አሁን የሚገባውን አየር ከሚለካው ኤርፍሎው ሴንሰር በኋላ አንድ ቱቦ ተሰንጥቆ ግማሽ ግራም ያህል ያልተለካ አየር በጓሮ ቢገባ፣ በሚኒሞ ከጠቅላላው አየር አንድ አራተኛ ያህል ነው። ኮምፒውተሩ ስለዚያ አየር አያውቅም፣ ቤንዚን አላሰበለትም። ምላሱ «አንሷል፣ አንሷል» ይላል፣ ትሪሙ ይወጣል። ዙሩ ሲጨምር በበሩ የሚገባው አየር አራት አምስት እጥፍ ይሆናል፣ የስንጥቁ አየር ግን እዚያው ነው፣ እንዲያውም ያንሳል። ድርሻው ኢምንት ይሆናል። ትሪሙ ይወርዳል።

ስለዚህ በሚኒሞ ከፍ ብሎ በዙር የሚወርድ ትሪም ካያችሁ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ። ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡና የእጅ ባትሪ ያዙ።

እኔም ባትሪዬን ያዝኩ። ከላይ ሲታይ ሁሉም ጎማ ደህና ነው። የሞተሩን የውስጥ ትነት ከቫልቭ ሽፋኑ ወደ አየር ማከፋፈያው (ማኒፎልድ) የሚመልሰው የፒሲቪ ቱቦ ክርን የመሰለ እጥፋት አለው። ከላይ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አዲስ ይመስላል። ጣቴን ከሥሩ ሳስገባ ግን ጎማው እንደ ገለባ ደርቋል። በእጥፋቱ ሆድ በኩል የጣት ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ አለ። ሞተሩ እየሠራ ጣቴን ስደፍንበት የሚኒሞው ድምፅ ተለወጠ፣ ሾርት ተርሙ ቁልቁል ወርዶ ማይነስ ገባ። ጣቴን ሳነሳ ተመለሰ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት» አልኳቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣታቸውን አስገቡ። ሞተሩ ሲረጋጋ ሰሙት። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ለዚህ ነው ሦስት ሴንሰር የገዛሁት» አሉ።

ቱቦው ተቀየረ፣ ፋሸታው ጠበቀ። ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ በሚኒሞ ድምሩ ፕላስ 3 ነበር። ሴንሰሩን አልነካሁትም።

ስንጥቁ በጣት ካልተገኘ የካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ በትንሽ በትንሹ በጥርጣሬው ቦታ ይረጫል። ሞተሩ ስንጥቁን አልፎ ስፕሬዩን ሲስበው ቮልቱ ዘሎ ይወጣል፣ ሾርት ተርሙ ይወርዳል። ግን ይህ ነገር ይነድዳል። የጋለ ጭስ ማውጫ ወይም ብልጭታ ያለበት አካባቢ አይረጭም፣ እሳት ማጥፊያም ከጎናችሁ ይሁን። ጭስ የሚነፋ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ ወጣት መካኒኮች ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ሁሉ ኤርፍሎው ላለው ሞተር ነው። አየሩን በማፕ ሴንሰር፣ ማለትም በማኒፎልድ ውስጥ ባለው ግፊት የሚገምት ሞተር ከሆነ ቀዳዳው እንዲህ አይታይም። ባልተፈቀደ በኩል የገባው አየር ግፊቱን ስለሚጨምር ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንም አብሮ ይጨምራል። ትሪሙ ብዙም አይነቃነቅም፣ ሚኒሞው ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ከምንም በፊት መኪናችሁ በየትኛው እንደምትለካ እወቁ።

ስለ ግፊት ካነሳን አይቀር፣ መጽሐፎቹ የተጻፉት በባሕር ጠለል ለሚኖር ሰው ነው። እኛ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የማፕ ሴንሰር ጅቡቲ ላይ 101 ኪሎፓስካል ያህል ያነባል፤ አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77። ይህን አይተው ጤነኛ ማፕ ሴንሰር የሚቀይሩ አሉ። የማኒፎልዱን የመሳብ ኃይል የሚለካው ቫኪዩም ጌጅም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላል፣ እዚህ ግን ከ11 እስከ 13 ገደማ ለጤነኛ ሞተር ደህና ነው። ኦክስጅን ሴንሰሩን ግን ከፍታው አያሳስተውም፤ የሚያወዳድረው የጭሱን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይሳሳሉ። ይኼ ነገር እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል። የተሰነጠቀ ቱቦ ግን ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ብዙ አየር ያስገባል። እዚህ መብራት ያላበራች መኪና አፋር ስትደርስ ብታበራ አትገረሙ።

አሁን ተቃራኒው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ በዙርና በዳገት ትሪሙ ሽቅብ ከወጣ፣ ቀዳዳውን ትታችሁ የቤንዚን አቅርቦቱን ጠርጥሩ። የተደፈነ ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚጠይቀው ጥቂት ስለሆነ ይደርስለታል፤ ዳገት ላይ ብዙ ሲጠይቅ ይጎድልበታል። ሌላው የቆሸሸ ኤርፍሎው ሴንሰር ነው። ሽቦው ላይ አቧራ ሲጋገርበት ብዙ አየር ሲያልፍ አሳንሶ ይናገራል። ይህን በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ ማጽዳት ርካሽ ነው፣ ከሱ ጀምሩ። ሽቦውን በጨርቅ አትንኩት። ከዚያ ፓምፑን ከመወንጀላችሁ በፊት ግፊቱን በጌጅ ለኩ። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን መላሽ መስመር የሌላቸው ቶዮታዎች ከ300 እስከ 350 ኪሎፓስካል ውስጥ ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚስትበት ግን ሌላ ነው። ሴንሰሩ የሚያሸተው ኦክስጅን ነው፣ ቤንዚን አይደለም። አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ቀረ እንበል። ያ ሲሊንደር ቤንዚኑንም አየሩንም ሳያቃጥል ወደ ውጭ ይተፋል። ጭስ ማውጫው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሴንሰሩ ግን ያልተቃጠለውን ኦክስጅን አይቶ «አየር በዝቷል» ይላል። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር እያጨሰች፣ ስካነሩ ፕላስ 15 ያሳያል። ሰውዬው ግራ ይገባዋል። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ጭስ ማውጫ ጋስኬቱ የተቃጠለ እንደሆነም እንደዚያው ነው። ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ነው፣ በምቶቹ መካከል በቀዳዳው የውጭ አየር ይገባል፣ ሴንሰሩም ያንን ይቀምሳል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ስታስነሱ ከፊት በኩል ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ካለ፣ ሲሞቅም የሚጠፋ ከሆነ፣ እሱን ሳትጠግኑ ትሪም አታንብቡ። ካንዴላም ፈትታችሁ እዩ። ትሪሙ ፕላስ ሆኖ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ከሆኑ ምላሱ ውጭ ያለ ነገር እየቀመሰ ነው።

ማይነሱን ቶሎ ልለፈው። ኮምፒውተሩ የሚቀንሰው ሳይጠራ የመጣ ቤንዚን ሲኖር ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ክፍት ሆኖ የቀረ የቤንዚን ትነት ቫልቭ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ሽፋን ተቀዶ በቫኪዩም ቱቦው የሚገባ ቤንዚን። ቱቦውን ነቅላችሁ አሽትቱ፣ እርጥብ ከሆነ አገኛችሁት። አንዳንዴ ደግሞ የሞተር ዘይቱ በቤንዚን ተበርዞ ትነቱ በፒሲቪ ይመለሳል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አሽትቱ። ዘይት ብቻ በመቀየር ማይነስ 14 ወደ ማይነስ 4 ሲመለስ አይቻለሁ።

ታዲያ ሴንሰር አይበላሽም ወይ? ይበላሻል። ያረጃል፣ ይሰንፋል፣ ማሞቂያው ይቃጠላል። ሲሊኮን፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የሚቃጠል ዘይት ይመርዙታል። ጋስኬት ስትገጥሙ የምትቀቡትን ሲሊኮን ለሴንሰር የማይጎዳ የሚል ካልተጻፈበት አትጠቀሙ። እርሳስ ያለው ቤንዚንም ድሮ ይገድለው ነበር፤ በመኪና ቤንዚን ውስጥ እሱ ከዓለም ላይ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት። ግን እንዲሞት ከመፍረድ በፊት ጠይቁት። የማኒፎልድ ቫኪዩም ቱቦ አንድ ንቀሉ፣ ወዲያው ከ0.2 በታች መውረድ አለበት። ቱቦውን መልሱና በአየር ማስገቢያው ጥቂት ስፕሬይ ስጡት፣ ወዲያው ከ0.8 በላይ መውጣት አለበት። ሁለቱንም ቶሎ ካደረገ ደህና ነው፣ ቅድም ተኝቶ ያገኛችሁትም እውነቱን ሲናገር ነበር። ስካነር ከሌላችሁ ዲጂታል ቴስተር በሲግናል ሽቦው ላይ በቂ ነው። በቮልት ብቻ ለኩ፣ በኦም አትለኩት።

አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ላይ ከፊት ያለው ኤር ፊውል ሬሾ የሚባለው ዓይነት ነው። ያ አይዋዥቅም፣ 3.3 ቮልት አካባቢ ቀጥ ይላል፣ ትርጉሙም የተገለበጠ ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው። አንዳንድ ስካነር በ5 አካፍሎ 0.66 አድርጎ ያሳየዋል። ይህን አይተው «ቤንዚን በዝቷል፣ ተጣብቋል» ብለው ደህናውን የሚነቅሉ አሉ። ሶማሌ ተራ ስትገዙም ሶኬቱ ስለገባ ብቻ አትግዙ፣ የዕቃውን ቁጥር አመሳክሩ።

ከኋላ ያለው ሁለተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ሥራው ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር መጠበቅ ነው። 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ረጋ ማለት አለበት። እንደ ፊተኛው የሚዘል ከሆነ ካታላይዘሩ ሥራውን አቁሟል፣ ወይም ከማርሚታው በፊት ተቆርጦ ወጥቷል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህን እዩ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጻፍ። አንድ ወጣት «ቪትዟ ላይ ስካነሩ ይሰካል ግን አይገናኝም፣ ሶኬቱ ተበላሽቷል?» አለኝ። ላይሆን ይችላል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የድሮ መኪኖች ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ቋንቋቸው የራሳቸው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ አንድ ቋንቋ አስገድደዋል። ለጃፓን ቪትዝ የቶዮታን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ወይም ቴስተር ያስፈልጋል። ሌላው ሰው፣ ወንድሙ ሜሪላንድ ታክሲ ይሠራል፤ «ትሪሙ ሁሌ ፕላስ 4 ነው፣ ምን ያድርግ?» አለ። ምንም። እዚያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፣ ኢታኖል ለመቃጠል የሚፈልገው አየር ያነሰ ስለሆነ ኮምፒውተሩ 3 ወይም 4 በመቶ ቢጨምር የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ግቢው ውስጥ የቆመችውን የእህታችንን ያሪስ አብረን አነበብን። «ዳገት ላይ ትሞታለች» ብላ ነው ያመጣቻት፣ ሴንሰር ቀይሪ ተብላ። አላጠፋንም፣ ኮድ አልደመሰስንም፣ የባትሪ ገመድም አልነካንም፤ የከረመው ቁጥር ዜሮ ሆኖ እንዳይጠፋብን። በሚኒሞ ድምሩ ፕላስ 2። በ2500 ዙር ፕላስ 5። ቆማ ጤነኛ ናት። ኤርፍሎውን አጸዳን፣ 5 ወደ 4 ወረደ፣ ያን ያህል አይደለም። እሁድ ጠዋት ታናሽ ወንድሟን ከጎኗ አስቀምጣ እንጦጦ ወጣች። ልጁ ቁጥሮቹን በደብተር ጽፎ ፎቶውን ላከልኝ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ፕላስ 9። ሁለተኛው ፕላስ 17። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጣት ከ0.8 በላይ መሆን የነበረበት ቮልት 0.15 ላይ ተኝቷል፣ መኪናዋም እዚያ ጋ ነው የምትደክመው።

ሰኞ የነዳጅ ግፊት ጌጁን ገጠምን። በሚኒሞ 310፣ ዳገት ላይ 210። ፓምፑን ስናወጣ የታችኛው መረብ በጥቁር ጭቃ ተሸፍኗል። ታንከሩ ታጠበ፣ መረቡና ፓምፑ ተቀየሩ፣ ማክሰኞ ማታ ልጁ ሌላ የደብተር ገጽ ላከልኝ፤ በዚያው መታጠፊያ ፕላስ 3።